እጅ ከመንቀጥቀጡ በፊት፦ የፓርኪንሰን ሕመም ቀዳሚ ምልክቶች ሲዳሰሱ

በአገራችን ፓርኪንሰን የሚታወቀው በእጅ መንቀጥቀጥ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ አባቱን ወይም እናቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ጣቶቻቸው አልታዘዝ ሲሉ፣ ጎረቤትም «ምን ነካቸው?» ማለት ሲጀምር ነው። ሕመሙ ግን ያን ቀን አልጀመረም። ከዚያ በፊት ለዓመታት፣ አንዳንዴም ከ10 ዓመት በላይ፣ በሰውየው አካል ውስጥ ሲሠራ ኖሯል። በእነዚያ ዓመታትም ምልክት ሳያሳይ አልቀረም፤ በአፍንጫ፣ በአንጀት፣ በእንቅልፍ፣ በድምፅ፣ በፊት ገጽታና በአረማመድ ሲገለጥ ነበር። ይህ ዳሰሳ ቀዳሚዎቹ ምልክቶች የትኞቹ እንደሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚታመኑና ማን ሊያያቸው እንደሚችል ይጠይቃል። ለመጨረሻው ጥያቄ ያለኝን መልስ ከወዲሁ ልናገር፤ ሕመሙን ከሐኪምም ከታማሚውም ቀድሞ የሚያየው አብሮ የሚኖር ሰው ነው። ያ ሰው ያየውን ነገር «እርጅና ነው» ብሎ ሲያልፈው ዓመታት ይባክናሉ።

ሕመሙን መለየት ከመነሻው በዓይን በማየት የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1817 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለ ስድስት ሰዎች አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። ከስድስቱ ሁለቱን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው። አንዱንም ያየው ከሩቅ ብቻ ነበር። የላቦራቶሪ ምርመራም ሆነ ራጅ ባልነበረበት ዘመን የሰዎቹን አረማመድ፣ ጎንበስ ማለትና የእጅ ሁኔታ አስተውሎ ሁሉም አንድ ዓይነት ሕመም እንዳለባቸው ደመደመ። በዚያው መጽሐፍ ሕመሙ አጀማመሩ እጅግ ስውር ከመሆኑ የተነሣ ታማሚው መቼ እንደጀመረው እምብዛም እንደማያስታውስ ጽፏል። የሆድ ድርቀትንና የእንቅልፍ መታወክንም ጠቅሶ ነበር። የሕክምናው ዓለም ግን ለእነዚያ ሁለቱ ተገቢውን ትኩረት የሰጠው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ከፓርኪንሰን በኋላ የፓሪሱ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ ሕመሙ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ። ከታማሚዎቹ መካከል ጨርሶ የማይንቀጠቀጡ እንዳሉም አስተዋለ። ዛሬም ቢሆን ከአሥር ታማሚዎች ሦስት ያህሉ ሕመሙ ሲጀምራቸው እጃቸው አይንቀጠቀጥም። መንቀጥቀጥን ብቻ የሚጠብቅ ቤተሰብ እነዚህን ሰዎች ሳያያቸው ይቀራል።

በአንጎል ውስጥ የሚሆነው በአጭሩ እንዲህ ነው። በመካከለኛው የአንጎል ክፍል ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ጥቁር ቀለም ያላቸው ሕዋሳት አሉ፤ እንቅስቃሴያችን ለስላሳና ፈጣን የሚሆነው በዶፓሚን ነው። እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እጅ መንቀጥቀጥ ወይም እግር መጎተት በሚጀምርበት ጊዜ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ጠፍተዋል። ፍሪድሪክ ሌዊ በ1912 በታማሚዎች አንጎል ሕዋስ ውስጥ የተጠራቀሙ እንክብሎችን አየ። በ1997 ደግሞ የእንክብሎቹ ዋና ይዘት አልፋ ሲኑክሊን የተባለ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ። በ2003 ጀርመናዊው ሃይኮ ብራክ ከባልደረቦቹ ጋር የሟቾችን አንጎል መርምሮ፣ ይህ ፕሮቲን መጠራቀም የሚጀምረው ዶፓሚን አምራች ሕዋሳቱ ባሉበት ስፍራ አለመሆኑን አመለከተ። መነሻው ሽታን የሚቀበለው ክፍልና ወደ አንጀት የሚወርደው ነርቭ የሚነሣበት የታችኛው የአንጎል ግንድ ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። መንገዱ በሁሉም ታማሚ ላይ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ሌሎች ተመራማሪዎች ተከራክረዋል፤ ክርክሩም ትክክለኛ ነው። ይሁንና አፍንጫ፣ አንጀትና እንቅልፍ ከእጅ ቀድመው ለምን እንደሚታመሙ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አልቀረበም።

ከአፍንጫ እንጀምር። አብዛኞቹ የፓርኪንሰን ታማሚዎች የማሽተት ችሎታቸው ቀንሷል፤ ብዙዎቹ ግን ካልተነገራቸው አያውቁትም። በእኛ ቤት ይህን ለማየት የተለየ መሣሪያ አያስፈልግም። ቡና ሲቆላ ጭሱ ሲዞርላት ዝም የምትል እናት፣ ወጥ ሲያር ከጎኑ ተቀምጦ የማይሰማው አባት፣ የቅቤውን ማደር ማሽተት የተሳናት ባለሙያ፣ እነዚህ ሁሉ የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ሆኖም ማሽተት በዕድሜም፣ በሳይነስም፣ በማጨስም፣ በኮቪድም ይጠፋል። አፍንጫው የደነዘዘ ሰው ሁሉ ፓርኪንሰን አለበት ማለት ሰውን በከንቱ ማስጨነቅ ነው። የአፍንጫ ምልክት ትርጉም የሚኖረው ሌላ ምልክት ሲደረብበት ነው።

የእንቅልፉ ነገር ግን ከዚህ ይለያል፤ ከቀዳሚዎቹ ምልክቶች ሁሉ የበለጠ ክብደት የምሰጠውም ለእሱ ነው። ጤነኛ ሰው ሕልም በሚያይበት የእንቅልፍ ክፍል ጡንቻዎቹ በአንጎል ትእዛዝ ይታሰራሉ፤ በሕልሙ ቢሮጥም አልጋው ላይ እግሩ አይነሣም። ይህ ማሰሪያ ሲላላ ሰውየው ሕልሙን በአካል ይሠራዋል፦ ይጮኻል፣ ይማታል፣ ይራገጣል፣ ከአልጋ ይወድቃል። ብዙውን ጊዜ ሕልሙ እሱ ራሱ ሲጠቃ ወይም ሲባረር የሚያይበት ነው። ካርሎስ ሼንክና ማርክ ማሆዋልድ የተባሉ የሚኒሶታ ሐኪሞች ይህን ሁኔታ በ1986 በዝርዝር ገለጹት። ከዚያ ታማሚዎቻቸውን መከታተል ቀጠሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ከ29 ወንዶች 11ዱ ፓርኪንሰንን የመሰለ ሕመም እንደያዛቸው አስታወቁ። በ2019 ደግሞ በካናዳዊው ሮናልድ ፖስቱማ መሪነት በ24 የሕክምና ማዕከላት 1,280 እንዲህ ዓይነት ሰዎችን የተከታተለ ጥናት ወጣ። እንደ ጥናቱ ግምት በ12 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ወደ 74 የሚጠጉት ፓርኪንሰን ወይም ከእሱ ጋር የሚዛመድ የመርሳት ሕመም ይይዛቸዋል። በሕክምና ውስጥ ይህን ያህል ርቀት አስቀድሞ የሚናገር፣ ያለ አንዳች መሣሪያም የሚታይ ምልክት ብዙ የለም።

ይህን ምልክት ታማሚው ራሱ አያውቀውም፤ ተኝቷልና። የምታውቀው ሚስቱ ናት። በእኛ ዘንድ ነገሩ ቅዠት ይባላል፣ አንዳንዴ ከክፉ መንፈስ ጋር ይያያዛል፣ አንዳንዴም በትዳር ውስጥ የሚሸሸግ ኀፍረት ሆኖ ይቀራል። በሌሊት የተመታች ሚስት ለልጆቿ አትናገርም፤ አልጋ ትለያለች፣ በቃ። ለጸሎትና ለጸበል ያለኝ አክብሮት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ከዚህ በፊት ያልነበረ የሌሊት መወራጨት ሲጀምረው ጉዳዩ ለሐኪምም መነገር አለበት። በልጅነት ወይም በወጣትነት የሚመጣ ቅዠት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችና በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥም ተመሳሳይ መወራጨት ያመጣሉ፤ ስለዚህ መመርመር እንጂ መደምደም አይገባም።

የሆድ ድርቀትን በአጭሩ እናልፋለን። በሃዋይ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ከ6,000 በላይ ወንዶች ለረጅም ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2001 እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ጊዜ እንኳ የማይጸዳዱት በኋላ በፓርኪንሰን የመያዝ ዕድላቸው በየቀኑ ከሚጸዳዱት በእጥፍና ከዚያ በላይ ነበር። ነገር ግን ድርቀት ያልነካው ማን አለ? ውኃ ማነስ፣ የምግብ ለውጥ፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ያመጡታል። ብቻውን ደካማ ምልክት ነው። ያለ ምክንያት የመጣ ድብርትና ጭንቀትም እንዲሁ፤ ከእጅ መንቀጥቀጥ ዓመታት ቀድመው ሊመጡ ይችላሉ፤ ግን በሌላ ብዙ ምክንያትም ይመጣሉ።

ቀጥሎ ሕመሙ ወደ እንቅስቃሴ ይገባል፤ ያኔም አገባቡ በአንድ ወገን ነው። ይህ አንድ ወገን መሆኑ ትልቅ መለያ ነው። ሰውየው ሲራመድ አንደኛው እጁ ይወዛወዛል፣ ሌላኛው ከጎኑ ተጣብቆ ይቀራል። የአንድ እግር ጫማው ከሌላው ቀድሞ ጫፉ ያልቃል። ትከሻው ላይ ሕመም ይሰማዋል፤ ወጌሻ ያሸዋል፣ መርፌ ይወጋል፣ ለወራት በትከሻ ችግር ይመላለሳል። ሊጥ ስታቦካ አንድ እጇ ቶሎ የሚደክማት፣ ቁልፍ ስትቆልፍ ጣቶቿ የሚዘገዩባት ሴትም እንዲሁ። ጽሕፈቱ እየጠበበ፣ ፊደሎቹ ወደ መስመሩ መጨረሻ እያነሱ ይሄዳሉ። ገንዘብ ሊያወጣ ባንክ የሄደ ጡረተኛ ፊርማው ከተመዘገበው ጋር አልመሳሰል ብሎ ደጋግሞ እንዲፈርም ሲጠየቅ፣ የሚያፍረው እሱ ነው። የባንኩ መዝገብ ግን ሳያስበው አንድ የሕክምና ማስረጃ ይዞለታል፦ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን ፊርማውን።

ድምፅም ይቀንሳል። ታማሚው ራሱ አይሰማውም፤ ይልቁንም «ጆሯችሁ ምን ሆኗል?» ይላል። የቡጢው ንጉሥ መሐመድ አሊ በፓርኪንሰን መያዙ የታወቀው በ1984፣ በ42 ዓመቱ ነው። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመት በኋላ የቴሌቪዥን ቃለ ምልልሶቹን ሲመረምሩ፣ ከ1968 እስከ 1981 ባለው ጊዜ የንግግሩ ፍጥነት ከሩብ በላይ ቀንሶ አገኙት። ምልክቱ በሚሊዮን ዓይኖች ፊት ሳለ ማንም ስሙን አልጠራውም። ተዋናዩ ማይክል ጄ. ፎክስ ደግሞ መጀመሪያ ያየው የግራ እጁን ትንሽ ጣት መርገብገብ ነበር። በ1991 የሕመሙን ስም ሲሰማ 29 ዓመቱ ነበር። ሕመሙ በአማካይ በ60ዎቹ ዕድሜ ቢጀምርም፣ ከአሥር ታማሚ እስከ አንዱ ከ50 ዓመት በታች ሆኖ ይያዛል። «ገና ወጣት ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የፊቱ ነገር ነው። የፊት ጡንቻዎች ሲዘገዩ ፈገግታ ይዘገያል፣ ዓይን መርገብገብ ይቀንሳል፣ ፊት ይደርቃል። ሰውየው ውስጡ ይስቃል፤ ፊቱ ግን አይነግርለትም። እኛ ፊት አንባቢዎች ነን፤ እንግዳን የምንቀበለው፣ ሐዘንተኛን የምናጽናናው በፊታችን ነው። ስለዚህ ፊቱ የደረቀ ሰው «ኮራ»፣ «አኮረፈ»፣ «ልጆቹ አስቀይመውታል» ይባላል። ከዕድር ጓደኞቹ ይርቃል፣ ሚስቱ በደሏን ትቆጥራለች፣ እሱም ለምን እንደተቀየሙት ሳይገባው ይከፋል። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ሲመጡ ወይም በቪዲዮ ሲደውሉ ለውጡን ከቤቱ ሰው ቀድመው የሚያዩት ለዚህ ነው፤ የቀድሞው ፊት በአእምሯቸው ሳይለወጥ ቆይቷል። «አባዬ ፊትህ ምን ሆነ?» የሚል ልጅ ሲኖር አይቆጡት።

አብሮ የሚኖር ሰው ምን ያህል እንደሚያይ ሲነሣ የስኮትላንዷ ጡረተኛ ነርስ ጆይ ሚልን አትቀርም። ባሏ በሕመሙ ከመታወቁ ብዙ ዓመት በፊት የሰውነቱ ጠረን መለወጡን አስተውላ ነበር። ኋላ ወደ ሕሙማን ስብሰባ ስትሄድ ያው ጠረን ከሌሎቹም ሸተታት። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ 12 ሰዎች የለበሱትን ካናቴራ አሽተታ ስድስቱን ታማሚዎች ለየች። ከጤነኞቹም አንዱን ታማሚ ነው አለች። ያ ሰው ከወራት በኋላ በፓርኪንሰን መያዙ በሐኪም ተረጋገጠ። ሁላችን እንዲህ ያለ አፍንጫ የለንም፤ ግን ታሪኩ ሳይንስ የሚስትን ቃል ቁም ነገር ብሎ ሲሰማ ምን እንደሚገኝ ያሳያል። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዛሬ በቆዳ ቅባት ላይ የሚሠሩት ምርምር ከዚያ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ተቃራኒው ስሕተት እንምጣ፤ ያልሆነውን ነው ማለት። ስኒ ሲያነሣ የሚንቀጠቀጥ እጅ በአብዛኛው ፓርኪንሰን አይደለም። ዕቃ ሲያዝ ወይም ሲጻፍ የሚብስ፣ ሁለቱንም እጅ የሚነካ፣ አባትም አያትም የነበረባቸው መንቀጥቀጥ ሌላ፣ ከፓርኪንሰን እጅግ የበዛ ሁኔታ ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ የሚታየው እጅ ባረፈበት ጊዜ ነው፦ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ሲተሻሹ። ሁለተኛው መሳሳቻ መድኃኒት ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማስታወክ የሚታዘዘውና ብዙ ሰው ፕላሲል የሚለው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለማዞር የሚወሰደው ሲናሪዚን፣ ሁሉም ዶፓሚንን በመጋረድ ፓርኪንሰንን የሚመስል ዝግመትና ግትርነት ያመጣሉ። ይህ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በሐኪም ምክር ሲቆም በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይለቃል። አንድ ሽማግሌ ለማዞር የታዘዘለትን ክኒን ለዓመታት ሲውጥ ኖሮ የፓርኪንሰን ታማሚ መባሉ የሚያንገበግብ ስሕተት ነው፤ ያለውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስቦ ለሐኪም በማሳየት ብቻ ይቀራል። መድኃኒቱን በራስ ሥልጣን ማቆም ግን አይገባም። የታይሮይድ እጢ ችግር፣ ትንንሽ የአንጎል ደም ሥር መዘጋቶች፣ በወጣቶች ላይ ደግሞ መዳብ በሰውነት የሚያጠራቅመው የዊልሰን ሕመም መታሰብ አለባቸው።

በአገራችን ስንት ታማሚ አለ? በ1980ዎቹ መጨረሻ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ፣ ከ60,000 በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አዳርሰው የነርቭ ሕመሞችን ቆጠሩ። በጊዜው በአፍሪካ ከተሠሩት ታላላቅ ጥናቶች አንዱ ነው። ፓርኪንሰን ከ100,000 ሰው 7 ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ቁጥሩ ከ100 በላይ ነው። ልዩነቱ ከፊሉ የሕዝባችን ወጣትነት ነው። ከፊሉ ግን የመታወቅ ጉዳይ ይመስለኛል። ይህን የምለው በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ ግርጌ ባለችው የሃይ ወረዳ የተሠራውንና በ2008 የታተመውን ጥናት ይዤ ነው። ከ161,000 ሕዝብ 33 ታማሚ ተገኘ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕመማቸው ምን እንደሆነ ከዚያ በፊት ማንም አልነገራቸውም ነበር። ለዓመታት ታመው፣ ያለ ስምና ያለ መድኃኒት ይኖሩ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በዓለም ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ታማሚ እንዳለ ገምቷል፤ ቁጥሩ በ25 ዓመት በእጥፍ አድጓል። በ2023 ናይጄሪያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ ከአፍሪካ ዝርያ ውጭ እምብዛም የማይገኝ፣ ለሕመሙ የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት አግኝቷል። ፓርኪንሰን የፈረንጅ ሕመም ነው የሚለው አስተሳሰብ ቦታ የለውም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት የተጀመረው በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ የነርቭ ሐኪሞች ቁጥር ቢጨምርም አብዛኞቹ አሁንም በከተማ ናቸው። ስለዚህ ቀዳሚውን ምልክት የመለየት ሸክም የሚወድቀው በቤተሰብ፣ በጤና ጣቢያ ነርስና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ላይ ነው። በወይዘሮ ክብራ ከበደ የተመሠረተው የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ ለሕሙማንና ለቤተሰብ ማድረግ የጀመረው ግንዛቤ የመፍጠር ሥራ ከመድኃኒት እኩል አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ሕመሙን የሚያቆም ወይም ማዝገሙ የተረጋገጠ መድኃኒት ገና የለም። በ2023 በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ አልፋ ሲኑክሊንን የሚያገኝ ምርመራ ከ1,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ ግን እስካሁን በአብዛኛው የምርምር መሣሪያ ነው። ዛሬም ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው እንደ ጄምስ ፓርኪንሰን አይቶና ዳሶ ነው። ታዲያ አስቀድሞ ማወቅ ምን ይጠቅማል? በእንቅልፉ የሚወራጭ ጤነኛ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ ሊመጣ የሚችል ሕመም ሊነገረው ይገባል? በእኔ እምነት፣ ማወቅ እንደሚፈልግ ተጠይቆ፣ ከፈቀደ ሊነገረው ይገባል፤ ያልፈለገን ሰው ግን በፍርሃት ማሰር ግፍ ነው። የእንቅስቃሴ ምልክት ለጀመረው ሰው ግን መልሱ አያጠራጥርም። ጆርጅ ኮትዚያስ በ1967 ከፍ ባለ መጠን በአፍ የሰጠው ሌቮዶፓ ዛሬም ከሁሉ የተሻለው መድኃኒት ነው፤ ለብዙዎች ልብሳቸውን የመልበስና ሥራቸውን የመሥራት ዓመታት ይመልሳል። በየቀኑ የሚደረግ የሰውነት እንቅስቃሴ እርምጃንና ሚዛንን ያግዛል። የሕመሙን ስም ያወቀ ቤተሰብ ጎጂ መድኃኒት አያስውጥም፣ ምንጣፉን አንሥቶ መውደቅን ይከላከላል፣ አባቱን በኩራት አይከስስም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትዎ ካለ ሰው ላይ አንድ ምልክት ብቻ ካዩ አይደንግጡ። ሁለት ሦስቱ ከተደረቡ፣ በአንድ ወገን ካደሉና በወራት ውስጥ እየጨመሩ ከሄዱ ግን አይዘግዩ። ሲራመድ በስልክዎ ይቅረጹት፣ የድሮና የአሁን ፊርማውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ፣ የሚውጠውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይያዙ፣ የሌሊቱን ነገር ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆነው የነርቭ ሐኪም ያሳዩት። ሐኪሙ ባይጠይቅዎም ያዩትን ይንገሩት።